ጃኬቱን የለበሰችው ትናገራለች፦ ስለ ፆታዊ ዝንባሌ ጥያቄና ስለ ጓደኝነት የተማሪዎች ተውኔት አሠራር

ይህ መመሪያ በአሜሪካ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚማሩ ልጆችና የድራማ ክበብ ለሚመሩ መምህራን ነው። በተለይ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ከአዳራሹ የማይጠፉበትን አካባቢ አስበናል፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለወላጅ የሚልከውን ማስታወቂያ በአማርኛም የሚያወጣበትን የሜሪላንዱን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ዓይነት። የምንሠራው 40 ደቂቃ የሚፈጅ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ነው። አንዲት ልጅ የምትወደው ማንን እንደሆነ ራሷን ትጠይቃለች፤ ጥያቄው ከእጇ ያመልጣል፤ አንዲት ጓደኛ ግን አብራት ትቆያለች።

ኢትዮጵያ ላለ ትምህርት ቤት ይህ መመሪያ አይሆንም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 629 ጀምሮ በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል፤ እዚያ ተማሪን በዚህ ርዕስ መድረክ ላይ ማቆም ልጁን ለአደጋ መስጠት ነው። ጉዳዩ ባሕር ማዶ ያለውን ዝግጅትም ይነካል፤ ስለ ቀረጻ ስናነሳ እንመለስበታለን።

ፈቃዱ ይቅደም

ብዙ ክበብ ተውኔቱን ጽፎ፣ ተለማምዶ፣ ፖስተር ለጥፎ ነው ርዕሰ መምህሩ ዘንድ የሚቀርበው። ያኔ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ “ይቅር” ነው፤ ሕጉም ለትምህርት ቤቱ ሰፊ ቦታ ይሰጠዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1988 የሄዝልዉድ ውሳኔ፣ ትምህርት ቤት በራሱ ስም የሚወጣን የተማሪዎች ጋዜጣም ሆነ የመድረክ ሥራ፣ ከማስተማር ዓላማ ጋር የሚያያዝ ምክንያት እስካለው ድረስ ማረም እንደሚችል አስቀምጧል። ስለዚህ ከትርዒቱ 16 ሳምንት ቀድማችሁ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ 10 ሳምንት ሲቀር ደግሞ ሙሉውን ጽሑፍ አስገቡ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የቃል “እሺ” አንድ ወላጅ ደውሎ ከተቆጣ በኋላ አይገኝም።

ማጠቃለያው ላይ አራት ነገር ይግባ፦ መሳም የለም፣ ስድብ የለም፣ ራስን የማጥፋት ትዕይንት የለም፣ ትርዒቱ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ነው። የመጨረሻውን አቅልላችሁ አትዩት። ጁን 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚሁ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ጉዳይ፣ በዚህ ርዕስ ላይ በክፍል የሚነበቡ የልጆች ተረት መጻሕፍት እምነታቸውን የሚነኩባቸው ወላጆች አስቀድመው እንዲነገራቸውና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ የሚያስችል ጊዜያዊ እግድ እንደሚገባቸው ወስኗል። ያ ክርክር ስለ አንደኛ ደረጃ የክፍል ንባብ ነው፤ ተማሪ ወዶ የሚገባበትን ክበብ አይመለከትም። ሆኖም ተውኔቱን በትምህርት ሰዓት ሁሉም ተማሪ ግዴታ በሚታደምበት ስብሰባ ላይ ካሳያችሁት ክርክሩን ራሳችሁ ጎትታችሁ ታመጡታላችሁ። ማታ፣ ወዶ ለመጣ ተመልካች አሳዩ። ፍሎሪዳ ከ2022፣ ቴክሳስ ደግሞ ከ2025 ወዲህ በዚህ ርዕስ ላይ ጠበቅ ያለ የክልል ሕግ ስላላቸው፣ እዚያ ያለ ክበብ አንዲት መስመር ከመጻፉ በፊት አስተዳደሩን ይጠይቅ።

ጽሑፉ

የተዘጋጀ ተውኔት ከአሳታሚ ተከራይቶ መሥራት ይቻላል፤ ግን ያለ ፈቃድ አንዲት ቃል መለወጥ አይቻልም፣ አማርኛም አይጨመርበትም። ራሳችሁ ብትጽፉት ይሻላል። አራት ወይም አምስት ጸሐፊ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሁሉም ገጸ ባሕርይ በአንድ አፍ መናገር ይጀምራል፣ ሁሉንም ማስደሰት ግድ ስለሚሆን።

ለጽሑፉ ግብዓት ስትሰበስቡ “ማን መሆንህን ተጠራጥረህ ታውቃለህ?” ብላችሁ አትጠይቁ። ይህ ጥያቄ ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የመለሰውም ዝም ያለውም ይታያል። ይልቅ ማንም ሊመልሰው የሚችለውን ጠይቁ፦ ልትናገሩት የፈለጋችሁት ነገር ጉሮሯችሁ ላይ የቀረበት ጊዜ፤ ጓደኛችሁ የደበቀችውን ነገር ቀድማችሁ ያወቃችሁበት ቀን፣ ያን ቀን እጃችሁ ምን ይሠራ እንደነበር። መልሱ በወረቀት ይምጣ ካላችሁ በኮምፒውተር ተጽፎ ይታተም። የእጅ ጽሑፍ በአንድ ክፍል ልጆች መካከል ወዲያው ይለያል። ከወረቀቱ የተወሰደ ታሪክ ሁሉ ቢያንስ ሦስት ነገሩ ይለወጥ፣ ዕድሜው፣ ቤተሰቡ፣ ቦታው። መምህሩም ከመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር በግልጽ ይንገር፦ ልጅ መጎዳቱን ከሰማ ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት፣ ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል መግባት አይችልም።

ልኩን በተመለከተ፣ በተለመደው የተውኔት አጻጻፍ በ12 ነጥብ ፊደል አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ይሄዳል። እንዲህ ያለ ተውኔት ዝምታ ስለሚበዛው 33 ወይም 34 ገጽ ጻፉ፣ 40 ደቂቃው ይሞላል። 40 ገጽ ከጻፋችሁ ትርዒቱ 50 ደቂቃ ይደርሳል፤ ባለ አንድ ገቢር ተውኔቶች የሚወዳደሩባቸው ብዙ ፌስቲቫሎች ደግሞ 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣሉ።

አሁን ዋናው ነገር። አዲስ ጸሐፊ ሁሉ የመናገሩን ትዕይንት መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል፤ 30 ገጽ ሙሉ ስትደብቅ ቆይታ ትናገራለች፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ መጋረጃ። እንዲህ ያለው ተውኔት ስለ ምስጢር ነው እንጂ ስለ ጓደኝነት አይደለም። ንግግሩን ገጽ 10 ላይ አድርጉት። ገጽ 20 ገደማ ወሬው ይውጣ፤ አንዲት ሦስተኛ ጓደኛ፣ ክፋት ሳይኖራት፣ የመልእክት ልውውጥ ፎቶ አንስታ ለአንድ ሰው ትልካለች፣ ያም ይዛመታል። የቀረው 13 ገጽ “ከዚያስ?” የሚለው ነው፤ ጓደኝነት የሚታየው እዚያ ነው። በሽታ የሚያህል ክፉ ተሳዳቢ ልጅ አታምጡ። ተመልካቹ “እኔ እንደዚያ አይደለሁም” ብሎ በሰላም ቤቱ ይገባል። መልእክቷን ያስተላለፈችው ደህና ልጅ ግን እያንዳንዱን ተመልካች ስልኩን እንዲያስብ ታደርገዋለች።

ጥያቄውም መድረክ ላይ አይመለስ። “ነኝ” ወይም “አይደለሁም” ብላ የምትጨርስ ገጸ ባሕርይ የርዕሱን ግማሽ ትጥለዋለች፤ በ16 ዓመት ብዙ ልጅ በእርግጥ አያውቅም፣ አለማወቁም ሙሉ ታሪክ ነው።

ተውኔቱ የቤት ውስጥ አማርኛ ካለው አንድ ሰዋስዋዊ ዕንቅፋት ይገጥማችኋል፤ በደንብ ከያዛችሁት ደግሞ ዕቃ ነው። በእንግሊዝኛ የሚወዱትን ሰው ጾታ ሳይጠሩ ግማሽ ሰዓት ማውራት ይቻላል። በአማርኛ ግሡ ራሱ ያጋልጣል፤ “አገኘሁት” ወይም “አገኘኋት” ማለት ግድ ነው። ስለዚህ ሰላም የምትባለው ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከቤት ሰው ጋር ስታወራ ድንገት ወደ እንግሊዝኛ የምትገባበት፣ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ የምትተውበት ምክንያት ይኖራታል፤ አማርኛ የሚያውቅ ተመልካች ቀድሞ ይነቃል። ትዕይንቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ቦታው የአፓርትመንቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ ሰላምና ጓደኛዋ ቤቲ ልብስ ያጥፋሉ።

ቤቲ፦ ታዲያ ማነው እሱ?
ሰላም፦ የቱ?
ቤቲ፦ ስልክሽን አቅፈሽ የምታድሪለት ነዋ።
ሰላም፦ ኧረ ባክሽ። አብረን ነው የምናጠናው።
ቤቲ፦ ቆንጆ ነው?
ሰላም፦ ቆንጆ ናት።
(ዝምታ። የማድረቂያው ማሽን ብቻ ይሰማል።)
ቤቲ፦ (ካልሲ አንስታ) የዚህ ጥንዱ የታለ?
ሰላም፦ ያልኩትን ሰምተሻል?
ቤቲ፦ ሰምቻለሁ። ካልሲውን ስጪኝ።
ሰላም፦ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም እኮ።
ቤቲ፦ ዛሬውኑ እወቂ አልኩሽ? እጠፊ ይልቅ፣ እማዬ ሳትመጣ።

አንዲት ቃል ሁሉን ነገር አወጣች፤ ጓደኛዋም ንግግር አላደረገችም። ቤቲ “እኔ ሁልጊዜ ከጎንሽ ነኝ” ብትል ኖሮ ትዕይንቱ ይሞታል። (ለቅሶ መድረክ ላይ ርካሽ ነው፤ ካልሲ ማጣመር ግን ውድ።) ጓደኛዋን በእጇ ሥራ ስጧት፤ ከዚያ በኋላ ባሉት 20 ገጾች ደግሞ ቢያንስ ሦስት ጊዜ የሚያስከፍላትን ነገር ታድርግ። ምሳ ሰዓት ላይ የተለመደ ቦታዋን ትታ ሰላም ጋ ትቀመጥ፤ ከሦስተኛዋ ጓደኛ ጋር ትጣላ፤ አንድ ጊዜም ትሳሳት። የማትሳሳት ጓደኛ የማስታወቂያ ሰው ትመስላለች።

እናትየዋ ላይ ብዙ ተውኔት ይሰናከላል። አንዱ ነጠላዋን ጥላ የምትጮህ እናት ይሥልና ወላጆቹ አዳራሽ ውስጥ እያሉ ይሰድባቸዋል፤ ሌላው ደግሞ በአንድ ሌሊት ሁሉን ተቀብላ የምታቅፍ እናት ይሥልና ማንም አያምነውም። ሁለቱንም ተዉ። ከሌሊት ፈረቃ የገባች፣ የሰማችውን ሰምታ ምን እንደምትል የማታውቅ እናት ትሁን፤ ጫማዋን ሳታወልቅ “በልተሻል?” ትበላት። ወላጅ ተመልካች ከዚህች ሴት ጋር አይጣላም፤ ልጆቹም ያውቋታል።

ጃኬቱ

በእንዲህ ያለ ተውኔት ትልቁ ጣጣ ወሬ ነው። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ልጅ በነጋታው ኮሪደር ላይ “ያንቺ ታሪክ ነው አይደል?” ትባላለች። በልመናም በማስጠንቀቂያም አይቆምም፤ በአደላደል ግን ይቀንሳል። ሰላምን ሦስት ልጆች ይጫወቷት። ጃኬቱን የለበሰችው ሰላም ናት፤ ያወለቀችው ሌላ ገጸ ባሕርይ ትሆናለች ወይም ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች።

ጃኬቱ ከሩቅ የሚለይ አንድ ቀለም ይሁን፣ ሰናፍጭ ቢጫ ጥሩ ይታያል። ልኩ ከሦስቱ ግዙፏ ልጅ ልክ ይወሰድ። ዚፕ አይኑረው፤ ዚፕ በጨለማና በሚንቀጠቀጥ እጅ ይያዛል። በጣት ተጭኖ የሚዘጋ ቁልፍ ያለው፣ ወይም ጭራሽ የማይዘጋ ይሁን። ሁለት አንድ ዓይነት ጃኬት ግዙ፣ አንዱ ሲቀደድ ወይም ላውንድሪ ሲቀር ሁለተኛው ይኑር።

ተመልካቹ የሚጠፋው የመጀመሪያው ቅብብል ላይ ነው። ስለዚህ እሱ በሙሉ ብርሃን፣ ያለ ንግግር፣ አምስት ሰከንድ ያህል ወስዶ ይፈጸም፤ አንዷ ታወልቃለች፣ ሌላዋ ትለብሳለች፣ ከዚያ በኋላ ነው መስመር የሚነገረው። ቀጣዮቹ ሁለት ሰከንድ ይበቃቸዋል። ቅብብሉ ሁሌም ከተመልካች በኩል ሲታይ ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ። ሦስቱም ልጆች አንድ የጋራ እንቅስቃሴ ይኑራቸው፣ ለምሳሌ እጅጌውን መዳፍ ላይ መሳብ፤ በየልምምዱ 10 ደቂቃ መስታወት ፊት አብረው ይሥሩት። በ40 ደቂቃ ውስጥ ከአምስት ቅብብል አትለፉ። ስድስተኛው ላይ ተመልካች ታሪኩን ትቶ ጃኬቱን መከተል ይጀምራል።

ለተዋናይ ምርጫ የሚሞላው ፎርም ላይ ስለ ማንነት አንድም ጥያቄ አይኑር። አንድ ነገር ግን ይጠየቅ፦ መድረክ ላይ እጅ መያዝ፣ ትከሻ መንካት፣ መታቀፍ፣ የትኛው ይመቻችኋል? መልሱ በማንኛውም ቀን ያለ ምክንያት ይለወጣል። ለፈተና የሚነበበውም ቁራጭ ከምሳ ቤቱ ትዕይንት ይወሰድ እንጂ ከልብስ ማጠቢያው አይደለም።

ልምምድ

ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፤ በጠቅላላ 48 ሰዓት። የመጀመሪያው ሳምንት ጠረጴዛ ዙሪያ ማንበብ ብቻ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛው አቋቋምና አካሄድ፤ አራተኛው ላይ ጽሑፍ ከእጅ ይውጣ። ብዙ ክበብ ይህን ወደ ስድስተኛው ይገፋዋል፤ ያኔ ወረቀት የያዘ እጅ ጃኬት መቀበል ስለማይችል ቅብብሉ ሳይለመድ ይቀራል። የመጨረሻው ሳምንት መብራትና ድምፅ፣ ከዚያ ሁለት አጠቃላይ ልምምድ በሙሉ ልብስ።

የመነካካት እንቅስቃሴ እንደ ጭፈራ በቁጥር ይሠራ። ለምሳሌ ቤቲ የሰላምን እጅ የምትይዝበት ቅጽበት፦ አንድ ላይ መዳፍ ይነሳል፣ ሁለት ላይ ይነካል፣ ሦስት ላይ ይጨበጣል፣ እስከ ስድስት ይቆያል፣ ይለቀቃል። ይጻፍ፤ በየቀኑም አንድ ዓይነት ይሁን። “ስሜቱ እንደመራችሁ” የሚባል መመሪያ እዚህ ቦታ የለውም፤ አንዷ ስሜቷ የመራት ቀን ሌላዋ ትደነግጣለች። እነዚህ ልምምዶች በሩ ክፍት ሆኖ፣ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ባሉበት ይካሄዱ። “ቁም” ያለ ማንም ሰው ወዲያው ያስቆማል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

በየልምምዱ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ይያዝ። ጃኬቱ መስቀያው ላይ ይሰቀላል፤ እያንዳንዱ የራሱን ስም ይጠራል፣ ማታ ምን እንደሚበላ ይናገራል፣ ይወጣል። ቀልድ ይመስላል፤ ከገጸ ባሕርይዋ ሳይወጡ አውቶቡስ የተሳፈሩ ልጆች ግን ስሜቱን ቤት ይዘውት ይሄዳሉ።

በመጀመሪያው የተማሪ ተመልካች ፊት የእጅ መያዙ ላይ ሳቅ ይመጣል። ንቀት ላይሆን ይችላል፤ ጭንቀት መውጫ ሲያጣ በሳቅ ይወጣል። ከዚያ ቅጽበት 30 ሰከንድ በፊት እውነተኛ የሚያስቅ መስመር አስገቡ፤ አየሩ አስቀድሞ ይተንፍስ። ከሳቁም ተዋናዮቹ አይቸኩሉ፣ እስከ ስድስት ይቁጠሩ። ሌላው ችግር ድምፅ ነው፤ ምስጢር ሲወራ ሁሉም ያንሾካሽካል፣ ከአራተኛው ረድፍ ወዲያ ግን ምንም አይሰማም። የልብስ ማጠቢያውን ትዕይንት ከመድረኩ ጠርዝ አንድ ሜትር ተኩል ላይ አምጡት፤ ከተቻለ ወለል ላይ ሁለት ማይክ ይቀመጥ። አማርኛው ላይ ደግሞ እዚህ ያደጉ ልጆች ይፈጥናሉ ወይም ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ያቀላቅላሉ፤ አንድ የቤት ሰው ቀረጻ ሰጥቷቸው በጆሮ ይልመዱት።

መብራት፣ ጽሑፍ፣ ሙዚቃ

ዕቃው ጥቂት ነው፤ ባለ 45 ሴንቲ ሜትር ሦስት የእንጨት ሳጥን፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የልብስ ቅርጫት። ለቤት ሞቅ ያለ ብርሃን (መብራቱ ፊት የሚደረገው ባለ ቀለም ፊልም ሮስኮ 02)፣ ለኮሪደሩ ቀዝቀዝ ያለ (ሮስኮ 60) ይበቃል። ጥቁር ሰማያዊ ብርሃንን ለብቻው አታብሩ፤ ጠይም ፊት ይውጠዋል። ከጎን ሞቅ ያለ መብራት ካልጨመራችሁ ልጆቹ ድምፅ ብቻ ይሆናሉ።

የአማርኛ መስመሮቹ በግድግዳ ላይ በእንግሊዝኛ፣ የእንግሊዝኛው በአማርኛ ይታይ ካላችሁ ከሁለት መስመር አይብለጥ። ለ12 ሜትር ርቀት የአማርኛው ፊደል ግድግዳው ላይ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል ከሌለው ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ ስላይዱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ጽፋችሁ ወደ ፒዲኤፍ ወይም ወደ ምስል ቀይራችሁ ውሰዱ። “ቆንጆ ናት” የምትለዋን መስመር ግን አትተርጉሙ። አማርኛ የማያውቀው ተመልካች ከቤቲ ዝምታ ይረዳል።

ዘፈን ከስልክ ከፍቶ ማሰማት የመብት ጥያቄ አለበት፤ ትምህርት ቤቱ ያለው የሙዚቃ ፈቃድ ብዙ ጊዜ በተውኔት ውስጥ የሚገባውን አይሸፍንም። ክራር የሚመታ ተማሪ ካለ በትዝታ ቅኝት የራሱን አጭር ዜማ ይሥራ። ቅኝቱ የሁሉም ነው፤ የተቀዳው አልበም ግን ባለቤት አለው።

ወላጆች

ቀኑን ስትመርጡ የትምህርት ቤቱን ካላንደር ብቻ አትዩ። በ2027 የምዕራቡ ፋሲካ ማርች 28 ሲውል የኦርቶዶክሱ ሜይ 2 ነው፤ የትምህርት ቤቶች ትርዒት የሚበዛበት የኤፕሪል መጨረሻ ሰሙነ ሕማማት ላይ ይወድቃል። በዚያ ሳምንት ይህን ርዕስ ማቅረብ ነገር ፍለጋ ይመስላል። የዚያ ዓመት ረመዳንም ፌብሩዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ስለሚገባ የማታ ትርዒት ከማፍጠሪያ ጋር ይጋጫል።

ደብዳቤው አጭር፣ ደረቅና ግልጽ ይሁን። ይህ ይበቃል፦

“ውድ ወላጆች፣ የድራማ ክበቡ ከትምህርት ሰዓት በኋላ 40 ደቂቃ የሚፈጅ ተውኔት ያዘጋጃል። ታሪኩ ስለ ጓደኝነትና ስለ ፆታዊ ዝንባሌዋ ጥያቄ ስላላት አንዲት ተማሪ ነው። መሳምም ሆነ ስድብ የለበትም። ተሳትፎ በፈቃደኝነት ነው፤ በተውኔቱ መሳተፍም የተሳታፊውን የግል ማንነት አያመለክትም። ሙሉውን ጽሑፍ ማንበብ ለሚፈልጉ ቢሮ ይገኛል።”

ቃል ላይ ተጠንቀቁ። ወላጆች በቤት የሚጠቀሙበት የተለመደው ቃል ውግዘት ያዘለ ስለሆነ ደብዳቤው ላይ ከገባ የተውኔቱን ፍርድ አስቀድማችሁ ጻፋችሁት ማለት ነው። “ፆታዊ ዝንባሌ” ማንንም ሳያስቆጣ ይነበባል። ከደብዳቤው ይልቅ ስልክ ይሠራል፤ አማርኛ የሚችል የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ወይም አስተርጓሚ ይደውል። የተማሪውን ወንድም ወይም እህት አስተርጓሚ አታድርጉ። ከደብዳቤው ሁሉም የክበቡ አባላት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያሉትም ጭምር፣ አንድ ዓይነት ቅጂ ይውሰዱ። ለተዋናዮቹ ብቻ የተለየ ወረቀት ከሄደ ቤት ውስጥ “አንቺን ለምን መረጡሽ?” ይመጣል።

ቀረጻና ስም

ይህ የማይደራደሩበት ደንብ ነው። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ከወጣ በሰዓታት ውስጥ አዲስ አበባ ያለች አክስት ስልክ ላይ ይደርሳል። ሰዎችን በስምና በፎቶ እየለጠፉ ጥቃት የቀሰቀሱ ገጾች እንደነበሩ ይታወቃል። አደጋው መድረክ ላይ ለቆመችው ልጅ ብቻ አይደለም፤ ክረምት አገር ቤት ስትሄድም ይጠብቃታል፣ እዚያ ያሉ ዘመዶቿንም ይነካል።

ስለዚህ በሩ ላይ በእንግሊዝኛና በአማርኛ “መቅረጽ ክልክል ነው” ይለጠፍ፤ ስልክ በስም በታሸገ ፖስታ ተሰብስቦ ቢቀመጥ የተሻለ ነው። ከመጀመሩ በፊት አንድ ተማሪ በሁለቱም ቋንቋ ያሳውቅ። በየ40 ሰው አንድ ጠባቂ ጥግ ላይ ይቁም፣ የበራ ስክሪን ሲያይ ሄዶ በዝግታ ያስጠፋ። ፖስተሩ ላይ የማንም ፊት አይኑር፤ ጃኬቱ መስቀያ ላይ ሆኖ ቢነሳ ይበቃል። ፕሮግራሙ የተሳታፊዎችን ስም በፊደል ተራ ይዘርዝር እንጂ ማን ማንን እንደተጫወተ አይጻፍ፤ ስሜ አይውጣ ያለችም አትገደድ። ለመምህሩ ማስታወሻ የሚሆን ቀረጻ ካስፈለገ ከአጠቃላይ ልምምዱ፣ ከጀርባ በኩል፣ ድምፁን ብቻ ውሰዱ።

ከመጋረጃው በኋላ

ውይይት ካለ 15 ደቂቃ ይበቃል። ጥያቄ በካርድ ተጽፎ ይሰብሰብ፣ የሚመራው አዋቂ መርጦ ያንብብ። ማይክ ለታዳሚ ከሰጣችሁ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ጥያቄ “ይህ የማን ታሪክ ነው?” ይሆናል፤ ይህ ጥያቄ ከማንም ቢመጣ አይነበብም። የትምህርት ቤቱ አማካሪ መድረክ ላይ ሳይሆን መውጫው አጠገብ ይቀመጥ፣ ልጆች እያለፉ ሊያናግሩት እንዲችሉ። ወላጆች ከካርዱ ይልቅ ሻይና አምባሻ ላይ ነው የሚያወሩት፤ ጠረጴዛውን ከመውጫው ራቅ አድርጋችሁ አዘጋጁ።

ፕሮግራሙ ጀርባ ላይ ሁለት ቁጥር ይታተም። 988 የቀውስ ጊዜ መስመር ነው፣ ሌሊትም ቀንም ይሠራል፤ ለወጣቶች በዚህ ርዕስ የተለየ መስመር የነበረው “3ን ይጫኑ” የሚለው አማራጭ ግን በጁላይ 2025 ተዘግቷል፣ የድሮ ፕሮግራም ገልብጣችሁ እንዳታትሙት። በዚህ ርዕስ ወጣቶችን የሚረዳው የትሬቨር ፕሮጀክት ስልክ 1-866-488-7386 ነው፤ መደወል ለማይመቻት ልጅ ስታርት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ 678-678 በጽሑፍ መላክ ይቻላል። ቁጥሮቹን በመጸዳጃ ቤት በሮች ውስጠኛ ክፍልም ለጥፉ። ፕሮግራሙን ቤት ይዛ መግባት የማትችል ልጅ እዚያ ታነባቸዋለች።

ትርዒቱ ባለቀ በነጋታው የጽሑፉ ቅጂዎች ሁሉ ይሰብሰቡ፤ ለግብዓት የተጻፉት ወረቀቶች ይቀደዱ፣ የልምምድ የቡድን ቻት ይዘጋ። ጽሑፉ ወደ ፌስቲቫል የሚሄድ ከሆነ ዳኞች ቪዲዮ ስለሚጠይቁ ማመልከቻው ከመሞላቱ በፊት ሦስቱም ሰላሞች ለየብቻ ይጠየቁ፤ አንዷ “አይሆንም” ካለች አይላክም፣ ማን እንዳለችም ለቡድኑ አይነገርም።